ከጉያ የማትወጣው ውሻም ክትባት ያስፈልጋታል

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ቤተሰብ ጤና ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ስለ ውሻ ነው። ያውም በግ ስለሚጠብቀው ወይም ደጅ ስለሚታሰረው ውሻ ሳይሆን፣ መደብ ላይ ወጥታ ከእመቤቷ ጎን ስለምትተኛው ትንሿ ውሻ ነው። «የሰው ችግር ሳያልቅ ለውሻ ዓምድ ይባክናል ወይ?» የምትል እናት ብትኖር አንፈርድባትም። ግን እስከ መጨረሻው ታንብበን። ነገሩ የውሻ ብቻ ሳይሆን የልጅም መሆኑን ትደርስበታለች።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሰሜን ጎንደር ተጉዤ ነበር። ደባርቅ ላይ በጠዋት ስንነሣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘን ቁልቁል ስንወርድ የደረብነውን ልብስ አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ዛሪማን አልፈን አዲ አርቃይ ስንደርስ ላብ በላብ ሆንን። በአንድ ጠዋት ከደጋ ወደ ሙቀት መውረድ ማለት ይህ ነው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አዲ አርቃይ ላይ አንዲት እናት ለቡና ጠሩን። ግቢያቸው ስንገባ በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ውሻ ጮኸብን። እሳቸው ገሠጹትና ወደ ቤት አስገቡን። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ከጉያቸው ሁለት ሰፋፊ ጆሮዎች ብቅ አሉ። መጀመሪያ ድመት መስሎኝ ነበር። ለካስ ትንሽ ቡናማ ውሻ ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ዶሮ እምብዛም አይበልጥም።

«ቡቺ እንላታለን» አሉ። «አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት የላከችልኝ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን መሆኔ ቢያሳስባት ‹እማዬ፣ ይቺ ታጫውትሽ› አለችኝ። መጀመሪያ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ‹ውሻ ቤት ታስገባ ጀመር› ተባልኩ። አሁንማ እሷ ከሌለች እንቅልፍም አይወስደኝ።»

ቡናው እየተቆላ ሳለ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከደጅ እየሮጠ ገባ። የግራ እጁ ጣት በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል። «ምን ሆነህ ነው፣ ማሙሽ?» ብለው «ቡቺ ነከሰችኝ» አለ።

አያቱ ፈገግ ብለው «ትላንት ማታ አጥንት ሊነጥቃት ሲል ነው። ትንሽ ደማ እንጂ ምንም አይል» አሉ።

«ተከትባለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የደጁ ተከትቧል። የእንስሳት ሐኪሞቹ ለዘመቻ ሲመጡ ወስደን አስወጋነው። እሷን ግን ምን ብዬ ልውሰዳት፣ ልጄ? ከጉያዬ አትወጣ፣ ከውሻ ጋር አትውል፤ ምን ይነካታል?»

ውድ እናቶች፣ የዛሬው ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህች ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ደሙ አልነበረም። በልጅነቴ በሰፈራችን አንድ እኩያዬ ነበር። መንገድ ላይ ያገኛትን ቡችላ ወተት እየሰጠ ያሳድጋት ጀመር። አንድ ቀን ስታጫውተው እጁን ነከሰችው። ቡችላ ናትና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቡችላዋ ሞተች፤ «ምስኪን፣ ታማ ኖሯል» ተባለና ተቀበረች። ቁስሉም ዳነ፤ ነገሩም ተረሳ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ልጁ አተኮሰው። ከዚያም ውኃ ሲሰጡት ጉሮሮው እየተያዘ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እናቱ ኩባያውን ይዛ «እባክህ አንድ ጉንጭ» እያለች ስትለምነው በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ። ሳምንቱን አልጨረሰም። እናቱ ከዚያ በኋላ ቡችላ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

ስለዚህ አዲ አርቃይ ላይ ቡናው ሳይፈላ ተነሣን። የልጁን ጣት ፈትተን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ አጠብነው። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ሰዓቴን እያየሁ አልለቅም አልኩ። ከዚያም ከአያቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ውጤቱን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ትንሿን ውሻ ራሷን እንወቃት፤ ጠባይዋን የማያውቅ ሰው ሊጠብቃትም ሆነ ልጁን ሊጠብቅ አይችልም።

ይህች ውሻ ምን ዓይነት ናት?

የቡቺ ዝርያ ቺዋዋ ይባላል። ስሙን ያገኘው በሰሜን ሜክሲኮ ከሚገኘው ቺዋዋ ከተባለ ክፍለ ግዛት ነው። በዓለም ላይ ካሉት የውሻ ዝርያዎች ሁሉ ትንሹ እንደ ሆነ ይነገርለታል። ያደገ ቺዋዋ የተለመደው ክብደቱ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ነው። ጸጉሩ አጭርም ረጅምም ይሆናል። ጭንቅላቱ ክብ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ጆሮው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ12 ዓመት በላይ ይኖራል።

ዝርያው ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተወዳጅ ውሻ የነበረችው ሉሉ ቺዋዋ ነበረች። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነሣቻቸው ፎቶግራፎች ዛሬም ይታያሉ፤ መቃብሯም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሆኖም ሉሉ የሚንከባከቧት ብዙ አገልጋዮች ነበሯት። የእናንተዋ ቡቺ ግን ያለ እናንተ ማንም የላትም።

በጠባይዋ ይህች ውሻ ከአንድ ሰው ጋር አጥብቃ ትወዳጃለች፤ ያንንም ሰው ከሌላው ትሸሽጋለች። ቀናተኛ ናት። እመቤቷ ሕፃን ስታቅፍ ታኮርፋለች፤ ትጮኻለች፤ አንዳንዴም ትነክሳለች። ትንሽነቷን አታውቅም፤ ከራሷ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ውሻ ላይ ትዘላለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እሷ ግን ካስለመዷት በቅጠል ኮሽታም ትጮኻለች። ስለዚህ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልዩ ልዩ ሰዎች እንዲይዟት፣ ልዩ ልዩ ድምፅ እንድትሰማ ማድረግ ይገባል። ስትጮኽ አንሥቶ ማቀፍ ግን ጩኸቱን ማስተማር ነው።

ልጅና ትንሽ ውሻ

ልጅ ትልቁን ውሻ ይፈራል፤ ትንሿን ግን እንደ አሻንጉሊት ያያታል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የቺዋዋ አጥንት ቀጭን ነው። ከሕፃን እጅ አምልጣ ከመደብ ላይ ብትወድቅ እግሯ ሊሰበር ይችላል። በብዙዎቹ ራስ ላይ፣ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ ያልተጋጠመ ስስ ቦታ አለ፤ ትንሽ ምት ሊጎዳት ይችላል። የጉልበቷ ሎሚም ከቦታው በቀላሉ ይንሸራተታል። ስለዚህ ልጆቻችሁን እንዲህ አስተምሯቸው፦ ተቀምጠው ይያዟት እንጂ ቆመው አይሸከሟት፤ በአንድ እጅ ደረቷን፣ በሌላው መቀመጫዋን ይደግፉ፤ ስትበላ፣ ስትተኛና ግልገሎቿን ስታጠባ ፈጽሞ አይንኳት። አጥንት ከአፏ መንጠቅማ የሚታሰብ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከማንኛውም ውሻ ጋር፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ብቻውን ሊተው አይገባም።

ለማሰሪያም አንገቷ ላይ ገመድ አትሰሩባት። የአየር ቧንቧዋ ደካማ ስለ ሆነ ያስላታል፤ ደረትና ትከሻዋን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል።

ምን ትብላ?

በእኛ ቤት ውሻ የሚበላው ከሰው የተረፈውን ነው። ለትንሿ ውሻ ግን የሰው ትራፊ ብዙ ጊዜ መርዝ ነው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ጥቂቱም ብዙ ነው። በጾምም ቢሆን ሽሮውም ምስሩም ሽንኩርት አለበት። በርበሬውና ጨውም አይስማማትም። ቸኮላታ፣ ቡና፣ ዘቢብና ወይን ጨርሶ አይሰጧት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ታዲያ ምን እንስጣት? ወጡ ላይ ሽንኩርት ሳይገባ አስቀድማችሁ ጥቂት ሥጋ ቀቅላችሁ አስቀሩላት። የተቀቀለ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ካሮት ወይም ዱባ ጋር ይቀላቀልላት። በከተማ የሚሸጠውን የውሻ ደረቅ ምግብ ለሚያገኝ ሰውም መልካም ነው። ያደገች ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግልገል ግን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትብላ። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ከአጠገቧ አይራቅ።

ግልገሏን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ በሉ። የቺዋዋ ግልገል ብዙ ሰዓት ሳትበላ ከቆየች በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ይወርዳል። ትንቀጠቀጣለች፤ ትንገዳገዳለች፤ ትዝላለች፤ ራሷንም ልትስት ትችላለች። ያን ጊዜ በጣታችሁ ጥቂት ማር ነክራችሁ ድዷን ቀቡላት። ስትነቃ ምግብ ስጧትና ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

በበዓል ቀን ደግሞ የከብቱን ወይም የበጉን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ። ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ጉበትና ሳንባ የበላ ውሻ በአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትል ያሳድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ፣ በጸጉርና በምግብ ወደ ሰው ይሻገራል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ዕጢ ከዚህ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ልጆችም ውሻ ከነኩ በኋላ ሳይታጠቡ አይብሉ። ለውሻዋም የትል መድኃኒት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይሰጣት።

ብርድና ሙቀት፣ ሌሊትና ጅብ

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ዳባትም ደጋ ነው። በዚያ የምትኖር ቺዋዋ ስትንቀጠቀጥ ብታዩ ሁልጊዜ ፈርታ አይደለም፤ በርዷት ነው። ከአሮጌ ጋቢ ላይ አንድ ክንድ ቆርጣችሁ ልብስ ብትሰፉላት፣ መኝታዋንም ከመሬት ከፍ ብታደርጉላት ይበቃታል። ወደ ምድጃ ግን አታስጠጓት። ሙቀት ፍለጋ እሳት ዳር የምትተኛ ትንሽ ውሻ በፍም ትቃጠላለች፤ በቡና ሰዓትም ከረከቦቱ ሥር ገብታ ጀበናውን ልትገለብጥ ትችላለች።

አዲ አርቃይና ዛሪማ ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ቀን ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ከቤት አታውጧት። በቆመ መኪና ውስጥ ለአፍታም ቢሆን ዘግታችሁባት አትሂዱ። ምላሷን አውጥታ ያለ ልክ ብታለከልክ፣ ድዷ ቢቀላ፣ ብትንገዳገድ ሙቀቱ አሸንፏታል ማለት ነው። ወደ ጥላ ወስዳችሁ ሰውነቷን በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቡ፤ አናፍሷት፤ ከዚያም ለሐኪም አሳዩአት። በሙቅ አገር መዥገርና ቁንጫም ስለሚበረታ በየቀኑ ጆሮዋንና የጣቶቿን መሐል እየከፈታችሁ ተመልከቱ።

ሌሊት ደጅ ማደር ለእሷ ሞት ነው። ጅቡና ነብሩ ትልቁንም ውሻ አይምሩ። ቀንም ቢሆን ጫጩት የሚነጥቅ ጭልፊትና ንሥር ባለበት ሜዳ ብቻዋን አትለቀቅ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የወሊድ ጉዳይ ነው። ያደገች ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ ወቅቱም እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ትልልቅ ወንድ ውሾች አጥር ዘለው ይመጣሉ። ከእነርሱ ብታረግዝ ግልገሎቹ ለማሕፀኗ ይገዝፉባትና በምጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ በሩ ይዘጋ፤ ደጅ ስትወጣም አብሯት ሰው ይኑር። እንድትወልድ ካልፈለጋችሁ ማምከን እንደሚቻል የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። ካረገዘች ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ቆይታ ትወልዳለችና ምጥ ሲጀምራት ሐኪም በቅርብ እንዲኖር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ከጉያዬ አትወጣ፤ ምን ይነካታል?»

እንግዲህ የአዲ አርቃይዋ እናት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም፦ ይነካታል። ደጃቸው ላይ የሚያልፍ አንድ የታመመ ውሻ፣ በአጥር ሥር የሚገባ ድመት፣ በሽንት ሰዓት ለሁለት ደቂቃ ወጥታ የምትገናኘው ሌላ ቡችላ ይበቃል። ከአዲስ አበባ ከመምጣቷ በፊት ከምን ጋር እንደ ዋለችም አናውቅም። በሽታው በለሃጭ የሚተላለፍ ነው፤ ውሻይቱም ማበዷ በግልጽ ሳይታወቅ ጥቂት ቀናት ቀድማ በለሃጯ ልታስተላልፍ ትችላለች። የታመመ ውሻ ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ ጅራቱን ወሽቆ፣ ያገኘውን እየነከሰ አይሮጥም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። «አጥንት ታንቆ ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚከት ሰው እዚያ ላይ ይያዛል። ትንሽና የተወደደች ውሻ ስትታመም ደግሞ የምንሸሻት ሳይሆን የምናቅፋት መሆኗ አደጋውን ያብሰዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ሰው ይድናል።

ይህን መጀመሪያ ለዓለም ያሳየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 አንዲት እናት በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጇን ጆሴፍ ማይስተርን ይዛ ከአልሳስ እስከ ፓሪስ ድረስ ሄደች። ፓስተር ሰው ላይ ገና ያልተለመደውን ክትባት ሰጠው፤ ልጁም ድኖ አደገ። በአዲስ አበባ ሰዎች እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚሉት ቦታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። ያቺ እናት ያን ዘመን ያን ያህል መንገድ ከሄደች፣ እኛ እስከ ጤና ጣቢያ መሄድ አያቅተንም።

ስለዚህ እናቶች፣ ይህችን ልብ በሉ። ውሻዋ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወጋ፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ በየዓመቱ ይደገምላት። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉ በሽታዎችም ክትባት ስላላቸው አብራችሁ ጠይቁ። የተወጋችበትን ወረቀት ከልጆቻችሁ የክትባት ካርድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። በዘመቻ ጊዜ የደጁን ብቻ ሳይሆን የጉያዋንም ይዛችሁ ውጡ።

ሰው ከተነከሰ ደግሞ፣ ነካሿ ትንሽ ናት፣ የእኛው ናት፣ ጭረት ናት ሳትሉ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት። በዶሮ ላባ፣ በአመድ፣ በበርበሬ ወይም በቅጠል አትሸፍኑት። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እዚያ ከሌለ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል። ጥንት እንብርት ዙሪያ ለብዙ ቀን ይወጋ የነበረውን መርፌ ትልልቅ ሰዎች እያነሡ ያስፈራራሉ። አሁን የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥና ቁጥሩም ጥቂት ነው። ቀጠሮው ሳይሳት እስከ መጨረሻው ይፈጸም። ቁስሉ የደማ ከሆነ ቁስሉ ላይ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒትም ሊያስፈልግ ስለሚችል ባለሙያውን ጠይቁ።

ሥር ምሰው የሚሰጡ መድኃኒተኞችን በሚመለከት፣ መድኃኒታቸው አዳነ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የነከሰው ውሻ ቀድሞውኑ ያላበደ ሆኖ ነው። ያበደ ሆኖ ሲገኝ ግን የባከነው ቀን አይመለስም። ለፀበል የሚሄድ ሰውም ይሂድ፤ እምነቱ ነው። መርፌው ግን ይቅደም፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከቤት አልፎ እስከ ተራራው

ከአዲ አርቃይ ቀና ብላችሁ ስታዩ የሰሜን ተራሮች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እዚያ ነው። በዚያ ከሚኖሩት እንስሳት አንዱ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ነው። በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ኋላም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በሽታው የመጣባቸው ከሰው ቤት ውሾች ነው። የደጁ ውሻችን ከበጎቹ ጋር ወደ ደጋው ሲወጣ በሽታ ይዞ እንዳይወጣ ማስከተብ የእኛ ፈንታ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይባላል። ከ70ዎቹ አንዷ የእናንተዋ ቡቺ ትሁን።

አሁን ወደ ልጁ ጉዳይ። በጤና ጣቢያው ቁስሉን እንደገና አጽድተው የመጀመሪያውን ክትባት ሊያገኝ ወደሚችልበት ቦታ ላኩት፤ በዚያው ቀን አገኘ። ስለ ቡቺ ደግሞ የተነገረን ለ10 ቀን በቤት ተዘግታ ትጠበቅ የሚል ነው። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ሙሉ በደኅና ከቆየ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። አያቱ ያን ዕለት ማታ ሲሸኙን «ልጄ፣ ብትሞትብኝ ለልጁ ነው የማለቅሰው ወይስ ለእሷ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልክ ደወልኩ። ቡቺ በልታ ጠጥታ፣ በደጁ ትልቅ ውሻ ላይ እየጮኸች ናት። ልጁም ደኅና ነው፤ የቀረውን መርፌ ማቆም ወይም መቀጠል ጤና ባለሙያው እንደሚወስን ነገሩን። እናትየው ቡቺን በነጠላቸው አዝለው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደው አስወግተዋታል። ጎረቤቶቻቸው እንደ ልማዳቸው ሳቁ። እሳቸው ግን «ይሳቁ፤ እኔ ወረቀቷን ከልጁ ካርድ ጋር አስቀምጫለሁ» አሉኝ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ የቤታችሁ ውሻ የተወጋችበት ወረቀት የት አለ? ዛሬውኑ ፈልጉት። ካላገኛችሁት ነገ ውሻዋን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ለሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ፣ ቤታችሁ ሰላም ይሁን።